መካኒኩን ይዤው የሄድኩ ቀን

ይህ የሆነው ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ከመግባቱ በፊት በነበረው የሰሊጥ አጨዳ ነው። እስከ ዛሬ የማልረሳው መኪና ስለተበላሸብኝ አይደለም፤ መኪና ይበላሻል። በሰው ፊት ውሸታም ተብዬ ስለነበር ነው።

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ከኮኪት ከተማ ወዲያ ያለውን እርሻችንን የማሠራው እኔ ነኝ። እዚያ ውሃ የሚባል ነገር የለም። ለአጫጆቹ የሚጠጣ ውሃ በበርሜል የምታመላልሰው አሮጌዋ ፒካፓችን ናት። ሰሊጥ ደግሞ ፋታ አይሰጥም፤ ሲደርስ ካላጨዱት ፍሬው ይረግፋል። ውሃ ያጣ አጫጅ ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ጎረቤት እርሻ ቢሻገር ማንም አይፈርድበትም።

ሞተሯ እየጋለ ሲያስቸግረኝ መተማ ዮሐንስ ወስጄ ጋራዥ አስገባኋት። ደሳለኝ የሚባለው መካኒክ ፈቶ ገጠማት። በማለዳ አስነስቶ ከተማውን አዞረኝ፤ እንደ አዲስ ሆናለች። እኔም ለሠራተኞቹ “ከእንግዲህ ውሃ አይቋረጥባችሁም” አልኳቸው። በዚያው ቀን ቀትር ላይ፣ በርሜሎቹን እንደጫነች መንገድ ላይ ፈላች። አስጎትቼ መለስኳት። እንደገና ነካካት፣ እንደገና በማለዳ ሞከራት፣ እንደገና ፈላች።

የሠራተኞቹ ካቦ ሰይድ የወሎ ሰው ነው። “እትዬ፣ ሰዎቹ ሊሄዱ ነው። ቃልዎን አናምንም ብለዋል” ብሎ ላከብኝ። ይህን ሰምቼ መኪናዋን ከነበርሜሎቹ አስጎትቼ በቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄድኩ።

ደሳለኝ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። “ሞተሩ ምንም አይልም እትዬ። አነዳድዎ ነው” አለኝ። በዙሪያው የነበሩት ሾፌሮች ሳቁ። በንዴት ብው አልኩ።

“አነዳዴ ከሆነ አንተ ንዳት” አልኩት። “ግን አሁን፣ በዚህ ፀሐይ፣ በርሜሎቹ ሞልተው።”

“ሥራ አለብኝ።”

“እኔም አለብኝ” ብዬ በርጩማ ስቤ የጋራዡ በር መሐል ላይ ተቀመጥኩ። የሚገባው በክላክስ ቢያንባርቅ፣ የሚወጣው ቢለምነኝ ንቅንቅ አላልኩም። በመጨረሻ ባለ ጋራዡ ራሱ “ሂድና ገላግለን!” አለው።

በርሜሎቹን ሞልተን፣ እሱ እየነዳ ኮኪትን እንዳለፍን የሙቀቱ መርፌ ወደ ላይ ወጣ። ደሳለኝ አይቶ እንዳላየ ሆነ። ብዙም ሳንሄድ እንፋሎቱ ከኮፈኑ ሥር ተትጎለጎለና ቆምን። ጣሳ ይዞ ወደ በርሜሎቹ ሲሄድ ቀድሜው ቆምኩ።

“ይሄ የሰው መጠጥ ነው። መጀመሪያ ሞተሩን ምን እንዳደረግከው ንገረኝ።”

ላቡን ጠረገ። ወዲያ ወዲህ አየ፤ ከግራር በቀር ማንም የለም። “የሞተሩ ክዳን፣ ቴስታው ሥር ያለው ማሸጊያ፣ ጋርኒሲዮኑ፣ ያው የተበላው አሮጌው ነው” አለ ቀስ ብሎ። “አዲሱ ጎንደር ነው ያለው። እስኪመጣ ከሚጮሁብኝ ብዬ መልሼ አሰርኩት። በማለዳና በባዶ አያስቸግርም።”

እየቆምን፣ እያቀዘቀዝን፣ አንዱን በርሜል ራዲያተሩ ጨርሶት ደረስን። አጫጆቹ ዕቃቸውን አስረው ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ሰላም ብላቸው የመለሰልኝ የለም። ደሳለኝን በክንዱ ይዤ ፊታቸው አቆምኩት።

ኮፍያውን አወለቀ። “እሳቸው አልዋሹም። ሞተሩን በደንብ ያልሠራሁት እኔ ነኝ” አለ።

ከዚያ ሰይድ ተነሣ። “እንግዲያው መኪናዋ እስክትድን አንተ ዋሳችን ነህ። አንተ እዚህ ካለህ እኛም አለን” አለው። ሰዎቹም ዕቃቸውን መፍታት ጀመሩ።

በሚያልፍ መኪና መልእክት ላክን፤ ጋርኒሲዮኑ በማግስቱ ከጎንደር ኮኪት ደረሰልን። ደሳለኝ አጫጆቹ ዳስ ውስጥ አድሮ፣ የተረፈውን ውሃ አብሯቸው በተራ እየጠጣ፣ ሞተሩን ዛፍ ሥር ፈትቶ ገጠመው። ሲጨርስ ማንም ሳይነግረው ቀትር እስኪሆን ጠበቀና በሙሉ ጭነት ነዳት። አልፈላችም። ሰሊጡም ሳይረግፍ ተሰበሰበ።

ደሳለኝን አልጠላሁትም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ኮፍያውን አውልቆ ስሜን ስላጠራልኝ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ። ግን እኔ በሩ ላይ ባልቀመጥ ኖሮ አይመጣም ነበር። ይህን ሳስብ አሁንም ብው እላለሁ።