የሞተውን ባለቤቴን ፍለጋ የመጣው ፈረንጅ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ልጄ ማስተዋል እዚሁ ደባርቅ የኮምፒውተር መምህርት ሆና በተቀጠረች በዓመቱ፣ መስቀል አልፎ ጥቅምት ሲገባ ነው። ጊዜው ቆይቷል። ግን ዛሬም በራችን ሲንኳኳ ያ ጠዋት ድቅን ይልብኛል። ያን ዕለት የደነገጥኩትን ድንጋጤ እግዚአብሔር ለጠላቴም አይስጠው። አሁን ግን ሳስበው የሚመጣብኝ ምስጋና ነው፤ ለዚህ ነው የጻፍኩት።

እኔ ከመሠረተ ትምህርት ያለፈ አልተማርኩም። ቅዳሜ ገበያ በርበሬና ባቄላ እየሸጥኩ ነው ልጄን ያሳደግኋት። አባቷ ታደሰ የቱሪስት ጓዝ በበቅሎ ጭኖ የስሜንን ተራራ እስከ ጨነቅ ሰፈር የሚወጣ ሰው ነበር። ልጃችን አራተኛ ክፍል ሳለች ታሞ ሞተብኝ። የሰፈሩ ሰው ግን ቤታችንን እስከ ዛሬ «የታደሰ ቤት» ነው የሚለው።

ማስተዋል ከሥራ ስትመለስ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ታቀረቅራለች። ሲነሳ ድምፁ ጎረቤት ይሰማል። ጥቁር መስታወት ላይ ነጭ ፊደል እየተንጋጋ ይወርዳል፤ እሷ ትጽፋለች፣ ታጠፋለች፣ ደግሞ ትጽፋለች። ምንድን ነው ይኼ ብዬ አንድ ቀን ያዝኳት።

«እማዬ፣ ወፍጮ ቤት ሄደሽ ወረፋ ሲያቆይሽ የምትሳደቢው ባለወፍጮውን አይደል?»

«ማንን ልሳደብ ታዲያ?»

«እህልሽን እኮ ወዲያው ነው የሚፈጨው። ያቆየሽ ሌላ ነው። ሚዛኑ ጋ የሚጨቃጨቅ አለ፤ ሳትሰለፍ የገባችም አለች። ኮምፒውተርም እንደዚያ ነው። የተማሪዎቼ ኮምፒውተር እየቆመ እየደረቀ ሲያስቸግረኝ፣ ሥራውን ማን እንዳቆየው የሚነግር አንድ መሣሪያ አገኘሁ።»

«ካገኘሽ ምን ትለፊያለሽ?»

«መሣሪያው ራሱ አንዳንዴ ይሳሳታል። ያላጠፋውን ይከሳል። እሱን ነው የማስተካክለው።»

መሣሪያው የማን ነው ብላት የሁሉም ነው አለችኝ። ሠሪዎቹ ፈረንጆች ናቸው፤ አሠራሩን ገልጠው ለሰው ሁሉ አስቀምጠውታል። የፈለገ ያየዋል፣ የቻለ አሻሽሎ ይልክላቸዋል፣ እነሱም መርምረው ይቀበላሉ። ደሞዝ አለው ወይ አልኳት። የለውም አለች።

ደሞዝ የለውም ስትል ፈራሁ። አይታቸው ከማታውቅ ሰዎች ጋር በነጻ የምትጻጻፈው ምን ቢሆን ነው? ጊዜውም ደህና አልነበረም። አገሩ ተረብሾ ኢንተርኔት ይጠፋል፣ ሰው በሹክሹክታ ያወራል። ስልኩ ውስጥ አንድ ነገር ተገኘበት ተብሎ የጎረቤቴ ልጅ ተወስዶ፣ እናቱ ስንቅ ስታመላልስ በዓይኔ አይቻለሁ። «ልጄ፣ ይቅርብሽ» ብዬ ለመንኳት። «ተማሪዎቼ በደረቀ ኮምፒውተር ምን ይማሩ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ውሻ በጮኸ ቁጥር ሊወስዷት የመጡ እየመሰለኝ እባንን ጀመር።

ያን ጠዋት ማስተዋል የምታስተምረው ከሰዓት ስለነበር ጓዳ ናት፤ እኔ ደጅ ላይ ተቀምጬ በርበሬ ስቀነጥስ የግቢው በር ተንኳኳ። ስከፍት አንድ ጎልማሳ አስጎብኚ ቆሟል። ከኋላው ጭቃ እስከ ጉልበቱ የለበሰ ረጅም ፈረንጅ፣ ከፈረንጁ ኋላ ደግሞ ጠብመንጃ ያነገተ ሽማግሌ አለ። ሌላ ቀን ቢሆን ቱሪስት የሚያጅብ የፓርኩ ስካውት መሆኑን አይቼው አውቅ ነበር። የዚያን ዕለት ዓይኔ ጠብመንጃው ላይ ቀረ።

«እንደምን አደሩ እትዬ» አለ አስጎብኚው። «የታደሰ ቤት ይኼ ነው?»

«ነው።»

«ታደሰ አለ?»

«የለም።»

«መቼ ይመለሳል?»

«አይመለስም ወንድሜ። ሞቷል።»

ክው አለ። «ውይ! መቼ?»

«ልጄ አራተኛ ክፍል እያለች።»

ለፈረንጁ ነገረው። ፈረንጁ ራሱን ነቀነቀ፣ አንድ ነገር ተናገረ፣ ደግሞ ደገመው። አስጎብኚው ዓይኔን ማየት አፈረ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ። ከመስቀል በፊት ጽፎልኛል ነው የሚለው።»

«ማን?»

«ታደሰ።»

አማተብኩ። «ምን ብሎ ነው የጻፈው?»

«ስለ ኮምፒውተር።»

ኮምፒውተር ሲል ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። ልጄ በሟች አባቷ ስም ተደብቃ ስትጽፍ ኖራ ተደርሶባታል፤ ሊወስዷት መጥተዋል። የበሩን መቃን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«እኛ ቤት ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለም! ልጅም የለኝም!»

ስካውቱ ጣልቃ ገባ። «አሁን አራተኛ ክፍል ያሏት ልጅስ?»

«እሷም የለችም! አራተኛ ክፍል ናት!» አልኩ። የምናገረውን አላውቀውም።

ልክ ይህን ስል ያ ጉደኛ ኮምፒውተር ከጓዳ ተነስቶ መጮህ ጀመረ። ሽማግሌው ጆሮውን አቀና። «እትዬ፣ ወፍጮ አስተክለዋል እንዴ?»

«እማዬ፣ ማን ነው?» እያለች ማስተዋል ብቅ አለች። «ግቢ!» ብዬ ጮህኩ። እሷ ግን እንግሊዝኛውን ሰምታ መለሰች። ተባባሉ። ፈረንጁ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ ሁለቱም መሳቅ ጀመሩ። አስጎብኚውም ሳቀ። እኔ መቃኑን እንደያዝኩ ነኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። በእነሱ አገር ሰው የሚጠራው በኋለኛው ስሙ ነው። ልጄ ሥራዋን ስትልክ «ማስተዋል ታደሰ» ብላ ነው የምትፈርመው። ሰውየው ታደሰ የእሷ ስም፣ እሷም ወንድ መስላው ኖሯል። የስሜን ተራሮችን ልጎበኝ ስመጣ አይሃለሁ ብሎ ጽፎላት ነበር፤ ኢንተርኔቱ ስለጠፋ አልደረሳትም። ከተራራው ሲወርድ አስጎብኚውን የደባርቁን ታደሰን አገናኘኝ አለው። አስጎብኚው የጎንደር ሰው ነው፤ ከተማውን ቢጠይቅ ሁሉም ወደ እኔ ቤት ጠቆመው።

ስካውቱ ጠብመንጃውን አውርዶ አጥሩ ላይ አስደገፈው። «እኔ የዚህ ከተማ ሳልሆን ከተራራው ማዶ የአምቢኮ ሰው ነኝ፣ እህቴ። በቅሎ ጫኙ ታደሰ መሆኑን ባውቅ በጠዋት በርሽ ላይ አልቆምብሽም ነበር። ጨነቅ ላይ አብረን አድረናል። ነፍሱን ይማረው» አለኝ። ያን ጊዜ እንባዬ መጣ፤ መቃኑንም ለቀቅኩ።

ገቡ። ረቡዕ ስለነበር ሽሮ አቀረብኩላቸው። ፈረንጁ አናጢ ነው አሉኝ። እንጨቱን የሚቆርጥለት ማሽን በኮምፒውተር የሚታዘዝ ነው። ኮምፒውተሩ የዓይን ቅጽበት ታህል ከዘገየ ስለቱ እንጨቱን ያኝከዋል። ያ ልጄ የምታስተካክለው መሣሪያ ጥፋተኛው ይኼ ነው ባለው ቁጥር ደህናውን ዕቃ እየነቀለ ሲቀይር ከረመ። ለሠሪዎቹ ቢያመለክት እኛ ጋ ደህና ነው ይሉታል። የእነሱ ኮምፒውተር ፈጣን ነውና ስህተቱ አይታይበትም። በልጄ አሮጌ ኮምፒውተር ግን ፍንትው ብሎ ታየ። እሷ አግኝታ አስተካክላ ላከች፤ ተቀበሏት፤ ለእሱም መስተካከሉን ጻፈችለት። ከዚያ ወዲህ አንድ እንጨት አልተበላሸብኝም አለ።

እኔ ግን የልቤን ሳልጠይቅ አላስችለኝ አለ። «በለው እስቲ፣ ልጄን ሊወስዳት ነው?»

አስጎብኚው ተረጎመለት። ፈረንጁ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ረጅም ነገር ተናገረ።

«የትም መሄድ የለባትም፣ እዚሁ ሆና ነው የጠቀመችን ይላል። እንዲያውም ያን አሮጌ ኮምፒውተር እንዳትጥለው አደራ ይላል።»

ሽማግሌው «እሱስ ቢጣልም ጩኸቱ ያስገኘዋል» ብሎ አሳቀን።

ከዚያ ፈረንጁ ከሻንጣው በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ክብ የእንጨት ትሪ ነው። ዳር ዳሩ እንደ ጥልፍ ተፈልፍሏል፤ መሐሉ ላይ ፊደል አለው። የእነሱን ፊደል አላውቅምና «ምን ይላል?» አልኳት። ማስተዋል ፊደሉን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ታደሰ ይላል፣ እማዬ።»

ሰውየው አፈረ። መልሼ ልውሰደውና በእሷ ስም ሌላ ልሥራ አለ። ትሪውን ቀምቼ ደረቴ ላይ ያዝኩት። «አልሰጥም በለው» አልኩ።

ባለቤቴ መቃብሩ ላይ ስሙ አልተጻፈለትም። ቤተ ክርስቲያን የሚጸለይለት በክርስትና ስሙ ነው። ታደሰ የሚለው ስም ከሰፈራችን ሰው አፍ በቀር የትም ያለ አይመስለኝም ነበር። ይኸው አይቶት የማያውቅ ሰው፣ ከማላውቀው አገር፣ በእንጨት ቀርጾ ተሸክሞት ተራራ ወጥቶ ወርዶ ቤቴ ድረስ አመጣልኝ።

ልጄ አሁንም እዚሁ ታስተምራለች። የተማሪዎቿ ኮምፒውተር እንደ ድሮው አይደርቅም። ስታቀረቅር ሻይ አፍልቼ አጠገቧ አስቀምጥላታለሁ እንጂ ተይ አልላትም። ያንን ሰው እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጠው፤ ከፍርሃቴ አውጥቶኛል።

አንድ ቀን ማስተዋል፣ እነዚያ የመሣሪያው ሠሪዎች ዛሬም ሲጽፉላት ታደሰ እያሉ እንደሚጠሯት ነገረችኝ። ስሜ ማስተዋል ነው ብዬ ላርማቸው አለች።

«ተያቸው» አልኳት። «አባትሽን ይጥሩት። አንቺ አቤት በይ።»