በላስቲክ የታሸገው ሰርተፊኬት

ባለፈው ማክሰኞ ለኮምፒውተር ባለሙያ መደብ የምትወዳደር አስቴር የምትባል ልጅ ከዋጫ ከተማ መጥታ የአመልካቾችን ማስረጃ ወደማጣራበት ቢሮዬ ገባች። የኔትወርክ ፈተና ስለማለፏ ማስረጃ ስጠይቃት ስልኳን ዘረጋችልኝ።

“ሊንኩን ሲነኩት ስሜ ይወጣል፣ ጋሼ።”

እኔም፣ አፌን ምን እንደነካው እንጃ፣ “ኦሪጅናሉስ?” አልኳት። ፊቷ ሲጠቁር ሳይ በራሴ ተናደድኩ። በሃያ አራት ዓመቴ እዚሁ ቦንጋ ይህንኑ ተጠይቄ ነበርና።

ያኔ አዲስ አበባ ሄጄ የዚህ ዓይነቱን ፈተና አልፌ ነበር። ውጤቱ ወዲያው በኢሜይል ደረሰኝ፤ ወረቀቱ ግን ከውጭ አገር በፖስታ እስኪመጣ ወራት ፈጀ። በዚያ በማያባራ ክረምት ፖስታ ቤት እየተመላለስኩ ጫማዬን ጭቃ ጨረሰው። በመጨረሻ መጣ፤ ጥጉ ላይ በጣት ሲዳስሱት የሚጎረብጥ ማህተም ያለበት ወፍራም ወረቀት። አንድ መሥሪያ ቤት ባለሙያ ፈልጎ ማስታወቂያ አውጥቶ ነበር፤ ምዝገባው ዓርብ ያበቃል።

አባቴ ሺሺንዳ ከተማ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። የእሱን ዲፕሎማ ሳጥን ውስጥ እንዳለ ሻጋታ በልቶበት፣ እድገት በመጣ ቁጥር መምህርነቱን ለማስረዳት ምስክር ሲለምን ኖሯል። የእኔ ወረቀት የመጣ ቀን ቆጮ በማር እየበላን ደጋግሞ አገላበጠው። በማግስቱ ጠዋት ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዶ በላስቲክ አሳሽጎ፣ ላሚኔት አስደርጎት መጣ።

“አሁን ዝናብም አይነካው፣ ሻጋታም አይበላው!” አለኝ። ደስታው ለእኔም ተረፈ።

ልመዘገብ ስሄድ የመሥሪያ ቤቱ የሰው ኃይል ሹም ጋሽ ተክሌ ላስቲኩን በአውራ ጣታቸው አሹት።

“ማህተሙ አይዳሰስም። ‘ከዋናው ጋር ተገናዝቧል’ ብዬ እንዴት ልፈርም?”

“ኢንተርኔት ላይ ላሳይዎት።”

“ኔትወርክ የለም።”

ኔትወርኩ የጠፋው የሚጠግነው ሰው ስላልተቀጠረ ነው! ጠረጴዛ ሥር ገብቼ የላላውን ገመድ አስተካከልኩና ገጹን ከፈትኩላቸው። ስሜን ጮክ ብለው አነበቡት።

“ጎበዝ ነህ ልጄ። ግን ስክሪን ላይ ያየሁትን ፋይል ውስጥ አላስገባውም። ላስቲኩን አንስተህ አምጣ።”

አባቴ ላስቲኩን በምላጭ ከጥጉ መላጥ ጀመረ። ማህተሙ ከላስቲኩ ጋር ተገሽልጦ ወጣ። ቅንድብ እሠራ ብሎ ዓይን ማጥፋት ማለት ይኸው ነው።

“ያበላሸሁብህ እኔ ነኝ” አለኝ።

“አንተ አይደለህም” ማለት ነበረብኝ። በሩን ወርውሬ ወጣሁ። ዓርብም አለፈ፤ ሥራውም ለሌላ ሰው ሆነ። ሥራ ከዚያ በኋላ አግኝቻለሁ፤ ያን ቃል ግን አባቴ እስኪሞት ሳልነግረው ቀረሁ። ዛሬም የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። መፈረም ፈርቶ ማህተም የሚዳስስ ሰው መብዛቱ ያቃጥለኛል፤ ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ አንዱ እኔ ሆኜ ተገኘሁ።

አስቴር በሩ ጋ ስትደርስ መለስኳት። ሊንኩን ከፍቼ ስሟን አየሁ፤ ገጹን አተምኩና ከሥሩ “በዓይኔ አይቼ አረጋግጫለሁ” ብዬ ፈረምኩ። ምዝገባ ክፍል እንድትወስደው ሰጠኋት።

ውጭ ዝናቡ ይወርዳል። ወረቀቱን አየት አደረገችና “መጀመሪያ ላሚኔት ላስደርገው እንዴ?” አለችኝ።

“እንዳትነኪው!” ብዬ ጮህኩባት። ልጅቷ ክው አለች።

“አንቺ አይደለሽም” አልኳትና ጃንጥላዬን ሰጠኋት።