የሐጂ ማንቆርቆሪያ

ድሬዳዋ ላይ ነርስነት ስለማመድ ያስተማሩን ሐኪም ፀጉራቸው የሸበተ ፈረንጅ ነበሩ። አማርኛቸው ጥቂት ነበር፤ ያቺኑ ጥቂት ግን ለቁም ነገር ነበር የሚያውሏት። ሆዱ የተከፈተ ሰው ፈስ ሳይወጣው ውሃ አይቀምስም ይሉናል፣ ፈገግ እንኳ ሳይሉ። እኛ ሴቶቹ በጋውናችን እጅጌ አፋችንን ሸፍነን እንስቃለን። አንጀት ከኦፕራሲዮን በኋላ ይተኛል፤ መንቃቱን የሚያበስረው ያ የምናፍርበት ነገር ነው። ያን ሳቃችንን ዛሬ ሳስታውሰው ሆዴ ይባባል።

አንድ ሙቀቱ በማይቻል ወር አንጀታቸው ተጠማዞ ኦፕራሲዮን የተደረጉ ሶማሌ ነጋዴ እንድከታተል ተመደብኩ። ሁሉም ሐጂ ነበር የሚላቸው። መጋላ ሱቅ ነበራቸው፤ እኔም እዚያው ሰፈር ስላደግኩ ልጅ ሆኜ ከሳቸው ከረሜላ ገዝቻለሁ።

ነጭ ጋውን ግን ሰው ያስረሳል። በመጀመሪያው ጠዋት ሚስታቸው፣ አማቻቸውና የሱቅ ጎረቤቶቻቸው አልጋቸውን ከበው ሳለ፣ ትምህርቴን ላሳይ ብዬ ጮክ ብዬ፣ «ሐጂ፣ ፈስ ወጣዎት?» አልኳቸው። አማቻቸው ጣራ ጣራውን ያይ ጀመር። ሐጂ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ ከዚያ ወዲያ እኔም ልጠይቃቸው ሐኪሙ መልሳቸው ዝምታ ብቻ ሆነ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሆዳቸው እንደተነፋ ነበር። ሐኪሙ በማዳመጫቸው ምንም ድምፅ አላገኙም፤ አንጀቱ እስከ ቀትር ካልነቃ ሆዳቸው እንደገና ይከፈታል አሉ። ኮሪደር ላይ ደግሞ፣ በዚህ ዕድሜ ሁለተኛውን ቢላ መቻላቸውን እንደሚጠራጠሩ ነገሩኝ። ፈራሁ። ሐጂ ቢወጣቸውስ ለማን ይናገራሉ? አፋቸውን የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ከአልጋቸው ጎን ቁጭ ብዬ መጠበቅ ያዝኩ። የዚያን ዕለት ጎህ ሲቀድ ተረኛ ሆኜ ስገባ ሚስታቸው ከማንቆርቆሪያ እያፈሰሱላቸው ለሶላት ሲታጠቡ፣ ውዱእ ሲያደርጉ፣ አይቻቸዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ዓይናቸውን አልከደኑም። የሽንት ጠርሙሱም ባዶ ነበር።

ረፋዱ ላይ ሐጂ ለሚስታቸው በሶማሊኛ አንድ ነገር ሹክ አሏቸው። ሚስታቸው ወጣ ብለው ማንቆርቆሪያውን ሞልተው ተመለሱ። ሊያጠጧቸው ነው ብዬ ዘልዬ ተነሳሁ፤ ልነጥቃቸው እጄን ዘረጋሁ።

«ዋላሂ አይጠጣም፣» አሉኝ ሚስታቸው። «ለውዱእ ነው።»

የጠዋቱ ውዱእስ ልላቸው ብዬ ተውኩት። የመጋላ አብሮ አደጎቼ ትዝ አሉኝ። ለሶላት ታጥበው ከኔ ጋር ሲጫወቱ አንዷ ድንገት ተነስታ እንደገና ልትታጠብ ትሄዳለች፤ ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም ግን ስሙን አይጠራም። ፈስ ውዱእ ያፈርሳል። ላልተኛና ላልሸና ሰው ደግሞ ሌላው ምክንያት ጥቂት ነው።

ማንቆርቆሪያውን ተቀብዬ ራሴ ለሐጂ አፈሰስኩላቸው። ሲታጠቡ ቀና ብለው አላዩኝም። እንደጨረሱ ወደ ሐኪሙ ሮጥኩ።

ሐኪሙ በሽተኛው ነገሩሽ ወይ አሉኝ፤ የውዱኡን ነገር አስረዳኋቸው። መጥተው ማዳመጫውን የሐጂ ሆድ ላይ ብዙ አቆዩትና ጆሮዬ ላይ ሰኩልኝ። ሆዳቸው ያጉረመርማል። እንደዚያ ደስ የሚል ድምፅ ሰምቼ አላውቅም። የቀትሩ ኦፕራሲዮን ቀረ።

ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያዋን ማንኪያ ውሃ ያጎረስኳቸው እኔ ነኝ። ዋጥ አድርገው፣ ከዚያ ጥያቄዬ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አዩኝ።

«አቦ ልጄ፣ ዛሬስ አልጠየቅሽኝም፣» አሉኝ።

ሐኪሙም ሐጂም ካለፉ ቆዩ፤ ሁለቱም ይናፍቁኛል። እኔም በተራዬ ብዙ ተለማማጅ አስተምሬያለሁ፤ ውሃ የያዘ አስታማሚ ባየሁ ቁጥር ግን ያ የዘረጋሁት እጄ ትዝ ይለኛል። ነጥቄ ደፍቼው ቢሆን ኖሮ ሐጂ እንዳፈሩ ቢላ ስር ይገቡ ነበር።