ስልሳ አራተኛው ጥርስ

ባለፈው ሰሞን ደብረ ማርቆስ በአንድ ጋራዥ በር ሳልፍ የተቃጠለ የኑግ ዘይት ሸተተኝና ባጃጁ ጡሩንባውን እስኪያስጮህብኝ ድረስ መንገድ መሀል ተገትሬ ቀረሁ። የኑግ ዘይት ከጋለ ብረት ጋር ሲገናኝ የሚሰጠው ሽታ የወጥ ቤት ሽታ አይደለም፤ ለኔ የአባቴ ሸሚዝ ሽታ ነው። ቢቸና፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን የነበረችው ጠባብ ክፍል፣ እኔም ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ መቀመጥም መቆምም ያቃተኝ ያ ዓመት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። ድሮም መጠበቅ የማልችል ሰው ነኝ፣ ያ ዓመት ደግሞ ከዳር እስከ ዳር መጠበቅ ብቻ ነበር።

እስከዚያ ድረስ አባቴ ለኔ እንግዳ ነበር። ደጀን፣ በመንገድ ሥራ ካምፕ ማሽን ጠጋኝ ሆኖ ስለሚሠራ በገናና በፋሲካ ብቻ አቧራውን እያራገፈ ይመጣና ገና ፊቱን ሳልለምደው ተመልሶ ይሄድ ነበር። እናቴ «እንግዳችን መጡ!» እያለች ታሾፍበት ነበር፤ እየሳቀች ነው የምትለው፣ በሄደ ማግስት ግን ድስቱንም ጣባውንም እያንኳኳች ስታኮርፍ ትሰነብታለች። እኔ ደግሞ የመኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር እየሮጥኩ ወጥቼ፣ የሌላ ሰው አባት ሲወርድ አይቼ እመለስ ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ታዲያ አባቴ ያለ በዓል መጣ። በጭነት መኪና ላይ በሸራ የተሸፈነ አንድ ትልቅ ብረት ጭኖ፣ ስድስት ሰው ተሸክሞ ካወረደለት በኋላ ሸራውን ገልጦ ቆመ። ጣሊያን ጥሎት የሄደው፣ ስንት ዓመት አንድ ግቢ ውስጥ ወድቆ ዶሮ ሲፈለፍልበት የኖረ ማሽን ነበር።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች እናቴ።

«ቶርኖ ነው። ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ። ከእንግዲህ ካምፕ አልመለስም፣ በዚህ ነው የምንኖረው።»

እናቴ ዞር ዞር ብላ አየችውና «ታዲያ ግማሹ የት ሄደ?» አለች።

እውነቷን ነበር። እጀታ የለውም፣ ከሞተር ጋር የሚያያይዘው ቺንጋ የለውም፣ ብረቱን ከጫፍ ደግፎ የሚይዘው ሹሉ የለም፣ «ጥርስ» ከሚባሉት ባለ ጥርስ መንኮራኩሮቹም የጎደለ አለ። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ያለፈ ያገደመው የፈለገውን እየፈታ ወስዶበታል። እናቴ «ላም አለኝ በሰማይ!» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ማታ ሲጨቃጨቁ ሰምቼ ነገሩ ገባኝ፤ የካምፑ አለቃ የአባቴን ቦታ እስከ ፋሲካ ብቻ ክፍት አድርጎ ሊጠብቀው ቃል ሰጥቶታል፣ አባቴም ቶርኖው እስከ ፋሲካ እንጀራ ካላወጣ ማረሻ ይሁን ብሎ ለቀጥቃጭ ሰጥቶ ደጀን ሊመለስ ለእናቴ ቃል ገብቶላታል። ከዚያች ማታ ጀምሮ ፋሲካን ጠላሁት። እንዴት ያለች ልጅ ናት ፋሲካን የምትጠላ!

ክረምቱን አባቴ ዝገት ሲፍቅ ከረመ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ባላምባራስ ነበሩ፣ ሁሉም በማዕረጋቸው ብቻ የሚጠራቸው ቁጡ ሰው፤ ክፍሏን የሰጡት፣ የወፍጮው ሞተር ቶርኖውንም እንዲያዞር ግድግዳውን እንዲበሳ የፈቀዱለትም እሳቸው ናቸው። የፈለጉት አንድ ነገር ነበር። የወፍጮውን ድንጋይ ከፍ ዝቅ የሚያደርገው ትልቅ ቡሎን ጥርሱ ተበልቶ ዱቄቱ ሻካራ እየሆነ፣ ሴቶቹ እህላቸውን ይዘው ወደ ሌላ ወፍጮ መሄድ ጀምረው ነበርና፣ አባቴ ያን ቡሎን ከቀረጸላቸው ክፍሏ የሱ ናት።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ የጎደለው አንድ በአንድ እየተተካ መጣ። ቺንጋው ከበሬ ቆዳ ጠፍር ተሰፋ፣ እጀታው ከወይራ ተጠረበ፣ ሹሉ መንገድ ዳር ከተሰበረ መኪና አክስል ወጣ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ጥዬ እዚያው ነበርኩ፤ አባቴም «ቁጠሪ» እያለ የየመንኮራኩሩን ጥርሶች በጠመኔ እያመለከተ ያስቆጥረኝ ነበር። ለሰው ሁሉ «የዝና አትሳሳትም፣ እኔ ብሳሳት እንኳ እሷ አትሳሳትም» ሲል ልቤ ያብጥ ነበር። በመጨረሻ የቀረው አንድ ጥርስ ብቻ ሆነ፣ በማሽኑ ላይ በተለጠፈው ቆርቆሮ እንደተጻፈው ባለ ስልሳ ሦስት። ቡሎን ሲቀረጽ በላዩ በሚወጣው በአንዱ ጥርስና በሌላው መካከል ያለውን ርቀት የሚወስነው እሱ ነው፤ አዲስ አበባ ቢያስጠይቅ የዚያ ማሽን ዕቃ ከጠፋ ቆይቷል ተባለ።

በጥር አባቴ ሞጣ ድረስ ሄዶ፣ ናስ አቅልጠው መስቀልና ጸናጽል ለሚሠሩት ለአያ ጫኔ ነገራቸው። አያ ጫኔ መጀመሪያ ዕቃውን በሰም ይሠራሉ፣ ሰሙን በጭቃ ይለብጣሉ፣ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ በቦታው ናሱን ያፈሱበታል። አባቴ ለናሙና አንድ ጥርስ፣ የስፋቱን ልክ የቆረጠበት ሸምበቆ፣ ስልሳ ሦስት የሚለውንም ቃል ሰጥቷቸው ተመለሰ። ሁዳዴ ሲገባ አልቋል የሚል መልእክት መጣ። አባቴ ማሽኑን ሲያስተካክል ስለነበር እናቴ ሞጣ አገሯ ናትና እሷና እኔ በእህል መኪና ሄድን። ስንነሳም «ከመቀበላችሁ በፊት የዝና ትቁጠረው» አለን።

ቆጠርኩት። መነሻውን በጠመኔ አመልክቼ፣ ጣቴን እያስኬድኩ። ስልሳ አራት። እንደገና ቆጠርኩት። ስልሳ አራት።

«እማዬ፣ በአንድ በልጧል» አልኩ።

አያ ጫኔ አልደነገጡም። «ልክ ብለሻል ልጄ፤ ክቡን የምከፍለው እንደ መስቀሉ ነው፣ ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት እያልኩ። እንዲያ ስል ስልሳ አራት ይመጣል፣ ስልሳ ሦስትማ የሰይጣን ቁጥር ነው፣ በምን ይከፈላል? አንዷ ከኔ ምርቃት ትሁነው!»

እናቴ ጎንበስ ብላ «እግዜር ይስጥልኝ አያ፣ ዕድሜ ይስጥዎ» አለች። መንገድ ላይ ስነጫነጭባት «ዝም በይ! በጎደለ እንጂ በበዛ የሚከፋ የት አለ? ሽማግሌ የመረቁትን ትመልሻለሽ?» አለችኝ። እሷ እውነት መስሏት ነው። እኔ ግን ቁጥር የማውቅ ልጅ ነበርኩ፣ ልክ እንዳልሆነ አውቄዋለሁ። ግን ይመለስ ብል ሌላ ሰም፣ ሌላ ጭቃ፣ ሌላ መኪና ጥበቃ፣ ከዚያ ፋሲካ፣ ከዚያ አባቴ የለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለኔ ነው የተተረተው።

ቢቸና ስንደርስ አባቴ ጥርሱን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ ተቀበለን።

«ቆጠርሽው?»

«አዎ።»

«ስንት ነው?»

«ስልሳ ሦስት።»

እናቴ ያን ጊዜ ጭነቷን እያወረደች ስለነበር አልሰማችም። እሱም ደግሞ አልቆጠረውም። የዝና ቆጥራዋለችና።

የባላምባራስ ቡሎን በሦስተኛው ቀን ተቀርጾ ወጣ፣ የሚያብለጨልጭ፣ የሚያምር። ወፍጮው ላይ ባለው አሮጌ ዳዶ፣ ቡሎኑ በሚጠመዘዝበት ባለ ቀዳዳ ብረት፣ ውስጥ ሲያስገቡት ሦስት አራት ዙር ዞሮ ቀጥ አለ። አባቴ አወጣው፣ በሞረድ ነካካው፣ መለሰው፣ አሁንም ቀጥ። ሌላ ቀረጸ። እሱም ቀጥ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ እስከ ዛሬ ያመኛል። ማሽኑን ፈታ፣ ገጠመ፣ ጠፍሩን ቀየረ፣ እጁን ረገመ፣ ዓይኑን ተጠራጠረ፤ ከሁሉ ነገር ያልተጠራጠረው እኔን ብቻ ነበር። ብረቱ ሲቀረጽ የሚፈስበት ዘይት የጓዳችን ዘይት ነበርና እናቴ «ጾሙን በምን ልሥራልህ? ዘይቱን ብረት ጠጣው እኮ!» ትለው ነበር። እኔ መብላት ተውኩ። ሌሊት ስገላበጥ ስልሳ አራት፣ ስልሳ አራት ይለኛል። ባላምባራስም አንድ ቀን በሩ ላይ ቆመው «ሰውዬ፣ ክፍሏን ለጨው ማስቀመጫ ሳልፈልጋት አልቀርም» ብለውት ሄዱ።

ሆሳዕና ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ የካምፕ ሻንጣውን አውጥቶ ልብሱን እያጣጠፈ አገኘሁት። እናቴ አጠገቡ ቆማ ታቀብለዋለች፣ አታሾፍም።

«አባዬ።»

«ወዬ።»

«ስልሳ አራት ነው።»

«ምኑ?»

«ጥርሱ። ዋሽቼህ ነው።»

ጠመኔውን አንስቶ ወጣ። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ረጅም ጊዜ ቆይቶ ተመለሰና ፊቴ ቁጢጥ አለ። በጥፊ የሚለኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«ለምን?» አለ ብቻ።

«ይመለስ ካልኩ ፋሲካ ይደርሳል፣ ትሄዳለህ ብዬ» አልኩና ለቅሶዬ ፈነዳ።

እናቴ «እኔም አውቄያለሁ እኮ!» ብላ ጮኸች። «በበዛ ምን አለበት ብዬ! አያ ጫኔ መርቀውልህ!» አባቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየ፣ ከዚያ መሬት ላይ ዘጭ ብሎ ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከሳቁ መሀል ድንገት ጭንቅላቱን አከከ፣ «ቆይ» አለ፣ «ቆይ እስቲ»፣ ብድግ ብሎም ሸሚዙን ሳይቆልፍ ወደ ወፍጮ ቤት ሮጠ።

ያሰበው ቀላል ነበር። በስልሳ አራት የተቀረጸ ቡሎን የሌላ ማሽን ዳዶ አይቀበለውም፤ ዳዶውም በዚያው በስልሳ አራት ከተቀረጸ ግን ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይገጥማሉ። አሮጌውን ዳዶ አውልቆ አዲስ ቀረጸ። ዓርብ ከሰዓት ባላምባራስ ራሳቸው ያዞሩ ጀመር፤ አንድ፣ ሦስት፣ አምስት ዙር፣ ቡሎኑ ሳይንገራገጭ እስከ መጨረሻው ገባ። ዱቄቱን በጣታቸው አሽተው «እሰይ!» አሉ። አባቴ ለካምፑ አልመጣም ብሎ ላከ፣ እናቴም ሻንጣውን ወስዳ ሽንብራ ጨመረችበት።

ከዚያ በኋላ አባቴ የሠራው ቡሎን አባቴ የሠራውን ዳዶ እንጂ የማንንም አያውቅም ነበርና፣ አንዴ ያሠራ ሰው ሁሉ ዕቃው ሲጎድልበት ከየትም ተነሥቶ ወደኛ ይመለስ ነበር። አንድ ጊዜ «ለምን ትክክለኛውን አታሠራም?» ብዬ ብጠይቀው «ምርቃት ይመለሳል እንዴ?» አለኝ። ቢቸና፣ እቤቱ አርጅቶ ነው የሞተው።

ዛሬ ሱቅ ገብቼ የምገዛው ቡሎን ከየትኛውም ዳዶ ጋር ይገጥማል፣ ማን እንደሠራው የሚጠይቅም የለም፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም። አምና ልጄ ሩቅ አገር ሥራ አግኝቶ «እማዬ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር? እውነቱን ንገሪኝ» ሲለኝ፣ እንዲቀርልኝ እየፈለግኩ፣ አፌ ግን እውነቱን ነገረው፣ እዚያ ይሻልሃል አልኩት። ያኔ እውነቱን ስናገር አባቴ ቀረ፣ አሁን እውነቱን ስናገር ልጄ ሄደ። በሳምንት በሳምንት ይደውላል፣ ደህና ነኝ ይለኛል፣ እኔም ደህና ነኝ እለዋለሁ፣ እሱን እንኳ እውነት ነው ብዬ አልምልም።