ፍሬን የማይሰማው እግር

ሾፌሩ እኔ ወደምሠራበት የሰመራ ሆስፒታል የመጡት የሚቀባ ዘይት እንድመርጥላቸው ነበር። ለአንጀት ካንሰር አዲስ አበባ እየተመላለሱ ኬሞ ይወስዳሉ። የእኔ ሥራ እንደእሳቸው ያሉትን ማማከር ነው፤ ኬሞው የሚያመጣውን ማቅለሽለሽ፣ ድካምና መደንዘዝ ከሐኪሙ መድኃኒት ጎን ለጎን በምን ማስታገስ እንደሚቻል፣ የትኛው የባህል መድኃኒት ከኬሞው ጋር እንደማይስማማ እነግራቸዋለሁ።

«የእግር ጣቶቼን ይነዝረኛል፣ ሲስተር። የጥቁር አዝሙድ ዘይት ይሻለኛል ወይስ የግመል ስብ?»

ካልሲያቸውን ሲያወልቁ ተረከዛቸው ውሃ ቋጥሯል። ትኩስ የጨው ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈውት ነበር፤ መቃጠላቸውን አላወቁም።

«ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ ጋሼ። የትኛውን ጣት ነው የያዝኩት?»

«ገና መቼ ነካሽኝ?»

አውራ ጣታቸውን ጨብጬው ነበር። ደነገጥኩ።

«በምን መጡ?»

«ከጅቡቲ ጭኜ። አሁን ወደ አዋሽ ልቀጥል ነው፤ ቤቴ እዚያ ነው።»

«ፍሬኑ ይሰማዎታል?»

 ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እዚህ ሳልደርስ፣ ሰርዶ ከተማ ላይ ግመሎች መንገድ ገቡ። ፍሬን የረገጥኩ መስሎኝ ነዳጅ ሰጠሁት። አላህ አወጣኝ።»

«ዘይቱ ቆዳዎን ያለሰልሳል እንጂ ስሜቱን አይመልስም። ቁስሉን ላሽግልዎ፤ ዛሬ ግን አይነዱም።»

«ጭነቱን ማን ያደርስልኛል?» ቁልፋቸውን ይዘው ተነሱ። ሳላስበው በሩ ላይ ቆሜያለሁ። በጉልበት ላስቀራቸው አልችልም።

«አሳልፊኝ፣ ልጄ!»

«ለባለቤትዎ ይደውሉ። የነገሩኝን ይንገሯቸውና ከዚያ ይሂዱ።»

በቁጣ ደወሉ። ባለቤታቸው አዋሽ ላይ ሻይ ቤት አላቸው። የሰርዶውን ነገሯቸውና ስልኩን ለእኔ ሰጡኝ።

«ሲስተር፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ ቁልፉን ተቀበይልኝ» አሉ ሴትዮዋ እያለቀሱ።

እጄን ዘረጋሁ።  ሾፌሩ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት።

መኪናውን እዚሁ አቅራቢያ ሎጊያ ከተማ የነበረ ባልደረባቸው ነዳው፤ እሳቸው ጎኑ ተቀምጠው ሄዱ። አዲስ አበባ ያለው ሐኪማቸው ነገሩን ሲሰማ የመድኃኒቱን መጠን ቀነሰላቸው። መደንዘዙ መስፋፋቱን ቢያቆምም የጣቶቻቸው ስሜት አልተመለሰም።

በሚቀጥለው ጊዜ የመጡት በአውቶቡስ ነው። «አሁን ሚስቴ ሻይ ቤት ስኳር አቅራቢ ሆኜልሻለሁ» አሉኝ። አልሳቁም። ካልሲያቸውን አወለቁ፤ እኔም እግራቸውን ለማየት ጎንበስ አልኩ።