ገንፎው የኔ፣ እልልታው የዘሙሩድ

ዘሙሩድን የማያውቅ የወሰን ሰፈር ሰው የለም። የማይወዳትም የለም። እኔም እወዳታለሁ ብል ደስ ባለኝ፤ ግን ምን ያደርጋል፣ እቀናባታለሁ። ባሏ ከወሰን መገናኛ ታክሲ ይነዳል፤ እሷ መርፌና ክር፣ ሻሽና ካልሲ ትሸጣለች። ሱቃችን ጎን ለጎን ነው። ከኔ ዘይት የሚገዛው ሰው እንኳ መጀመሪያ እሷ በር ላይ ቆሞ፣ ወሬውን ጨርሶ ነው የሚመጣው።

ከግጭትና ከረሃብ የሸሹ ሰዎች ኮተቤ መንገድ ዳር ባለው ባዶ መጋዘን ሲሰፍሩ፣ ከሰፈሩ ሰው ሁሉ ቀድሜ ዱቄት ያወጣሁት እኔ ነኝ። ብርድ ልብስ ቤት ለቤት ለምኜ ያሰባሰብኩትም እኔ። ዘሙሩድ ምን ይዛ መጣች? አፏን! እናቷ የጅማ ሰው ስለሆኑ ኦሮምኛ ትችላለች። ሴቶቹ መሃል ተቀምጣ ታወራለች፣ ታስቃለች፣ የልጆች ንፍጥ ትጠርጋለች። እኔ ጆንያ ተሸክሜ ስገባ "ዘሙሩድስ?" ይሉኛል። ወርቅ ላበደረ ጠጠር!

ከመካከላቸው ሶሬቲ የምትባል ነፍሰ ጡር ነበረች። የመጀመሪያ ልጇ በስደቱ መንገድ ላይ ሞቶባታል። ምጥ ሲይዛት መኪና ፈልጌ ጤና ጣቢያ ያደረስኳት እኔ ነኝ፤ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ያኔ በሆዴ አንድ ነገር ተመኘሁ፤ "ስም አውጪልኝ" እንድትለኝ። ወልጄ አላውቅም። ለማንም ስም አውጥቼ አላውቅም።

በአምስተኛው ቀን ገንፎ አገነፋሁ፤ ቅቤና በርበሬው መሃሉ ላይ ጢም ብሎ። ሶሬቲ ፊት አስቀምጬ "በይ ብዪ፣ አራስ ነሽ" አልኳት። አንገቷን ደፋች እንጂ አልነካችውም። ንቃኝ ነው ብዬ አንጀቴ አረረ። ይሄኔ ዘሙሩድ ባዶ እጇን ገባች። ገንፎውን አየችና በኦሮምኛ ጮክ ብላ የሆነ ነገር ተናገረች። የመጋዘኑ ሴቶች ተንጋግተው መጥተው ሳህኔን ከበቡት።

"ኧረ ተዉ! የአራሷ ነው እኮ!" ብዬ ያንዷን እጅ ያዝኩ።

"አንቺ አስረሳሽ፣ ልቀቂያት!" አለችኝ ዘሙሩድ እየሳቀች። "ዛሬ እኮ ሸነን ነው። በአምስተኛው ቀን የጎረቤት ሴቶች ተሰብስበው ገንፎውን አብረዋት ይበላሉ። ብቻዋን እንዴት ትብላ? ሰው የሌላት ትመስላለች።"

የያዝኩትን እጅ ለቀቅኩ። ሶሬቲ እያለቀሰች ትበላ ጀመር። ዘሙሩድ እልል ስትል ሴቶቹ ተቀበሏት። እኔን ዞር ብሎ ያየኝ የለም።

እልልታው ሲበርድ ሶሬቲ ሕፃኗን አንስታ ለዘሙሩድ አስታቀፈቻት። የፈራሁት አልቀረም፤ ስም እንድታወጣላት ነው። ይህን ለማወቅ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ነጠላዬን ሰብስቤ ወደ በሩ አመራሁ።

"አስረሳሽ!" አለች ዘሙሩድ ከኋላዬ።

"አቤት" አልኩ ሳልዞር።

"አንቺን አልጠራሁም፤ ልጅቷን ነው።"

እናቴ እኔን የወለደችው ልጅ በቀበረች በዓመቱ ነው፤ ሐዘኔን አስረሳሽኝ ብላ ነው ስሜን ያወጣችው። ይህንን ለዘሙሩድ የነገርኳት ድሮ፣ ዝናብ ሱቅ ውስጥ ያገተን ቀን ነበር። ሶሬቲ ትርጉሙ ሲነገራት ስሜን ደጋግማ ጠራችው፤ ከዚያ ሕፃኗን ለኔ ሰጠችኝ። አቅፌያት አለቀስኩ።

ግን አልዋሽም። እስከ ዛሬ "የዚችን ልጅ ስም ማን አወጣላት?" ሲባል "ዘሙሩድ" ነው መልሱ። አሁንም ያንገበግበኛል።