የባልቴቷ መብራት የበራ ዕለት

ልጅ እያለሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሲመጣ ጆሮዬ ውጭ ውጭውን ይል ነበር። እማዬ ነጋዴ ነበረች። ቅዳሜ ገና ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ጨንቻ ትወጣና ከገበያው አፕልና ቆጮ ሸምታ፣ አሥር ሰዓት ገደማ ወደ ሰፈራችን ወደ ሲቀላ መናኸሪያ በሚገባው አውቶቡስ ትመለሳለች። ቤታችን ከመናኸሪያው ጀርባ ስለነበር የዚያን አውቶቡስ ጥሩምባ ከሌላው ለይቼ አውቀው ነበር። ጥሩምባው ሲሰማ የያዝኩትን ጨዋታ ጥዬ እሮጣለሁ። ነጠላዋ የደጋ ብርድ፣ ዘንቢሏ የአፕል ሽታ ይዞ ይመጣል። እስኪሰማ ድረስ ግን አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ አይሆንልኝም። ጠጠር እጫወታለሁ፣ እተወዋለሁ፣ በር ላይ እወጣለሁ፣ እገባለሁ።

አባዬ ግን ረጋ ያለ ሰው ነበር። መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ዕቃ በጨረታ ሲያስወግድ የገዛት፣ በዕድሜ እኔን በብዙ የምትበልጥ ሞተር ብስክሌት ነበረችው። ስትነሣ እንደ አሮጊት ስለምታስል እኛ የሰፈር ልጆች «ባልቴቷ» አልናት፤ ውሎ አድሮ አባዬም በዚሁ ስም ይጠራት ጀመር። ያጥባታል፣ ዘይቷን ይቀይራል፣ እንደ ልጅ ይወለውላታል። የፊት መብራቷ ግን እኛ ቤት ከገባች ወዲህ በርቶ አያውቅም። እማዬ «ኧረ ይህን መብራት አሠራው» ባለችው ቁጥር «ማታ ማታ የት ልሄድባት ነው?» እያለ ያስቃት ነበር።

የዚያን ዕለት ግን አሥር ሰዓት አለፈ፣ አውቶቡሱ አልመጣም። ወሩ የዝናብ ወር ነበር። እኛ ዘንድ ጠብ ያለ ነገር ሳይኖር የጨንቻ ተራራ ከላይ እስከ ታች ጠቁሯል። እኔ መናኸሪያ ድረስ ስመላለስ ቆየሁ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል በራችን ላይ ልብስ የሚሰፋው ጎረቤታችን ጋሽ ጫቦ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከመናኸሪያው መጣ። ፊቱን አይቼ ነገር እንዳለ ገባኝ።

«ጨንቻ መንገድ ላይ አንድ መኪና ተንሸራቶ ገደል አፍ ላይ ነው አሉ» አለ።

«አውቶቡሱ ነው?» አባዬ ከተቀመጠበት ተነሣ።

«ገሚሱ አውቶቡስ ነው ይላል፣ ገሚሱ የጭነት ነው ይላል። በዓይኑ ያየ ሰው አላገኘሁም።»

ያኔ ሞባይል ያለው ሰው ጥቂት ነበር፤ እማዬ አልነበራትም። ደውሎ መጠየቅ የሚባል ነገር የለም። አባዬ ጃኬቱን ለበሰና ባልቴቷን ወደ በር መግፋት ጀመረ። ጋሽ ጫቦ ግን ቀድሞት መሪዋን ያዘ። «ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ይመሽብሃል። በዚያ ጭጋግ ያለ መብራት ብትወጣ አንተም ገደል ልትገባ ነው። ለዚህች ልጅ ማን ይቀርላታል?» አለው። አባዬ ወደ እኔ አየ። ከዚያ ሞተሯን በረንዳው ሥር አቆመና ካቻቪቴና ፒንሳ አምጪ አለኝ።

ያን ረጋ ያለ አባቴን ያን ያህል ሲጣደፍ አይቼው አላውቅም። ያች ሞተር መብራቷ የሚበራው ሞተሩ ሲነሣ ብቻ ስለነበር አንዴ ያስነሣታል፣ አንዴ ያጠፋታል። ግቢው በቤንዚን ጭስ ተሞላ። መጀመሪያ አምፖሉን ፈትቶ ወደ ሰማይ አነሣው፤ ውስጡ ያለው ክር አልተበጠሰም። ጋሽ ጫቦ አላመነም። ሮጦ ሄዶ ከአንድ ባለሞተር ሌላ አምፖል ለመነና አመጣ። እሱም አልበራ አለ። ቀጥሎ ማብሪያ ማጥፊያውን ከፍተው ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈጉት። አሁንም ጨለማ። አንዲት ብሎን ከአባዬ እጅ አምልጣ አቧራው ውስጥ ገባች። ሦስታችንም በጉልበታችን እየዳኽን ስንፈልጋት አባዬ መሬቱን በቡጢ መታው። ፀሐይዋ ከተራራው ጫፍ ላይ ቆማለች። እኔ ያን ጊዜ የፈራሁት ገደሉን ብቻ አልነበረም፤ መሬቱን የመታውን የአባዬን ቡጢም ነበር።

ዝም ብዬ መቆም ስላቃተኝ የተነሣችውን ሞተር መሪ ይዤ ወዲያና ወዲህ አዞረው ጀመር። «ተይ፣ አትነካኪ!» ብሎ ጮኸብኝ። በዚያው ቅጽበት ግድግዳችን ላይ ቢጫ ብርሃን ብልጭ ብሎ ጠፋ። ሁላችንም ደርቀን ቀረን።

«ቆይ… ምን አደረግሽ? እስቲ ድገሚው» አለ አባዬ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

መሪውን ወደ ግራ አዞርኩት፤ በራ። ወደ ቀኝ መለስኩት፤ ጠፋ። አባዬ ከመሪው አንገት ሥር የሚያልፈውን ሽቦ በጣቱ እየዳበሰ ሄደና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ላስቲኩ ደህና ነው፤ ውስጡ ያለው መዳብ ግን መሪው በዞረ ቁጥር ሲታጠፍ ኖሮ ተበጥሷል። ላስቲኩን በጥርሱ ላጠው፣ ጫፍና ጫፉን ገመደው፣ በፕላስተር ጠቀለለው። ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ክብ ሆኖ ሲቆም ጋሽ ጫቦ «ጌታ ይመስገን!» ብሎ እጁን ዘረጋ። እኔ ግን ከኋላ ተፈናጥጫለሁ። «ውረጂ» ቢለኝም የጃኬቱን ጀርባ ጨምድጄ ይዤ አልለቅ አልኩት። ለመታገያ የሚሆን ጊዜ አልነበረውም።

ተራራውን መውጣት ስንጀምር መሸ። ሦስተኛው ይሁን አራተኛው ኩርባ ላይ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ መብራቱ ድርግም አለ። አባዬ ዳር ይዞ ቆመ። ፕላስተሩ በእርጥበቱ ለቆ ሽቦው ተላቋል፤ የቀረው ፕላስተርና ፒንሳው በረንዳው ላይ ነው። ጭጋጉ እግራችን ሥር ይንፏቀቃል፤ ከየት እንደሆነ የማይታወቅ የውሃ ድምፅ ይሰማል። አባዬ ትንሽ አሰበና ከኋላ አንሥቶ ፊት ለፊቱ፣ ነዳጅ መያዣው ላይ አስቀመጠኝ። ሁለቱን የሽቦ ጫፎች አገጣጥሞ በጣቶቼ መሃል አኖራቸው። «አጥብቀሽ ያዥ። ቢበርድሽም አትልቀቂ» አለኝ።

ያዝኩ። ጣቶቼ ደነዘዙ፤ የእኔ ይሁኑ የሌላ ሰው እስኪጠፋኝ ድረስ። አባዬ ነዳጅ ሲሰጥ ብርሃኑ ይደምቃል፣ ሲቀንስ ይፈዛል። ጀርባዬ ደረቱ ላይ ስለነበር ልቡ ሲመታ ይሰማኛል። አንዱን ኩርባ ስንዞር ብርሃኑ ውስጥ አንድ ዣንጥላ ታየ፤ ከዚያ ላስቲክ የተከናነበ ሰው፤ ከዚያ ብዙ ሰው። ከመሃላቸው አንዲት ሴት የሞተሯን ሳል ሰምታ «ይቺማ ባልቴቷ ናት!» ብላ ጮኸች።

እማዬ ነበረች። የተንሸራተተው የጭነት መኪና ኖሯል፤ ሰው አልተጎዳም፤ መንገዱ ስለተዘጋ ግን የአውቶቡሱ ተሳፋሪዎች በእግራቸው እየወረዱ ነበር። አባዬ ወርዶ ሄደና ሰው ሁሉ እያየ እጇን ያዘ። እኔም በደስታ ሽቦውን ለቅቄ እጄን ሳውለበልብ ዓለም ጨለመ። «መብራት! መብራት!» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ። መልሼ እስካገጣጥመው ድረስ የእማዬን ቁጣ በጨለማ ሰማሁት፦ «ልጄን በዚህ ብርድ? አንተ ሰው፣ ጤና የለህም?»

አባዬ ተፈናጠጪ አላት። እሷ ግን አብረዋት የወረዱትን ሴቶች ዞር ብላ አየች። አንዷ ሕፃን አዝላለች፤ አንዷ ያዳልጣታል። «እነሱን ጨለማ ውስጥ ጥዬ?» አለች። ስለዚህ አባዬ ሞተሯን አዞረና ከኋላቸው ሆኖ ቀስ እያለ ያበራላቸው ጀመር፤ እኔም ሽቦውን እንደያዝኩ ወረድን። የሰዎቹ ጥላ መንገዱ ላይ ረዝሞ ይወዛወዛል። አንዷ መዝሙር ጀመረች፣ ሌሎቹ ተቀበሉ፤ ጥቂቶቹ በጋሞኛ፣ ጥቂቶቹ በአማርኛ። ተራራው ግርጌ ካለው መንደር ስንደርስ አንድ ሚኒባስ ተገኘ። እማዬ ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈልቅቃ ከሽቦው አላቀቀቻቸውና ብብቷ ውስጥ አስገባቻቸው።

ዛሬ ያ መንገድ ከድሮው በብዙ ይሻላል። ባለቤቴ ለሥራ ጨንቻ ሲወጣና ሲያመሽ እደውልለታለሁ፤ «ዶርዜን አልፌያለሁ፣ መጣሁ» ይለኛል። ልጄ ከምትመለከተው ስልክ ላይ ቀና እንኳን አትልም፤ አባቷ እንደሚመጣ ታውቃለች፤ ይመጣልም። ተራራው ሲጠቁር ምን ማለት እንደሆነ ባለማወቋ ደስ ይለኛል። እኔ ግን ከደወልኩለትም በኋላ በር ላይ ወጥቼ እቆማለሁ። «እማዬ፣ መጣሁ አለሽ እኮ፣ ግቢ» ትለኛለች። እውነቷን ነው። «እሺ፣ መጣሁ» እላታለሁና ትንሽ ቆሜ እቆያለሁ።